ለኩላሊት ሕመምተኛ አስቤዛ እንዴት እንደሚገዛ ላስተማረችን የሥነ ምግብ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

አባቴ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ ቤተሰባችንን ከመድኃኒቱም በላይ ያስጨነቀው የአስቤዛው ጉዳይ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ጭንቀት ያወጣችንን የሥነ ምግብ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁ ቤተሰቦች እርሷን ለመጠቆም ነው።

እርሷን ከማግኘታችን በፊት በእጃችን የነበረው «የተከለከሉ ምግቦች» የሚል አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ባቄላና ወተት በሙሉ ተዘርዝረውበታል፤ ለምን እንደተከለከሉና በምትካቸው ምን እንደሚበላ ግን አይናገርም። አባቴም የሚበሉትን እየፈሩ፣ ገበታ ላይ ሲቀርቡ ትንሽ ቀማምሰው እየተነሡ፣ ከሰውነታቸው እየጎደሉ ሄዱ።

ይህች እኅታችን ስለ ምግብ አንዳች ከመናገሯ በፊት የቅርብ ጊዜውን የደም ምርመራ ውጤት አምጡ አለችን። ወረቀቱን በጥሞና ካየች በኋላ «አባባ፣ ፖታሲየምዎ ደህና ነው፤ ሙዙን የምንከለክልበት ምክንያት የለም» ስትላቸው ፊታቸው ፈካ። በፍራፍሬና በአትክልት ውስጥ የሚገኘው ማዕድን ፖታሲየም የሚገደበው በደም ውስጥ ከፍ ሲል እንጂ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ሁሉ ከፍራፍሬ መራቅ እንደሌለበት፣ ውጤቱ ሲለወጥ ግን የአስቤዛው ዝርዝርም አብሮ እንደሚለወጥ አስረዳችን። ከፍ ካለ ድንቹን ልጦና በትንንሹ ከትፎ በብዙ ውኃ መቀቀል፣ ውኃውንም መድፋት ፖታሲየሙን እንደሚቀንሰው በዚያው ነገረችን። የፕሮቲኑም ነገር እንዲሁ በሰውየው ሁኔታ ይወሰናል፤ የኩላሊት እጥበት ላልጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን 0.8 ግራም ገደማ ሲሆን፣ እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን አብራን ገበያ በመውጣቷ ነው። በምክር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚነገር ነገር መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ይጠፋል፤ እርሷ ግን እያንዳንዱን ዕቃ አንሥታ ጀርባውን እያዞረች አስነበበችን። የታሸገ ሥጋ አንሥታ ከይዘት ዝርዝሩ ውስጥ «ሶዲየም ፎስፌት» የሚለውን በጣቷ አሳየችን። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ማዕድን ፎስፈረስ በምግብ ይዘት ሠንጠረዡ ላይ ብዙ ጊዜ በመጠን ስለማይጻፍ ማግኘት የሚቻለው በንጥረ ነገሮቹ ስም ውስጥ «ፎስፌት» ወይም «ፎስፎሪክ አሲድ» የሚሉትን፣ በቁጥር ከተጻፈም እንደ ኢ 338 ወይም ከኢ 450 እስከ ኢ 452 ያሉትን በመፈለግ መሆኑን አስተማረችን። በፋብሪካ የሚጨመረው ፎስፈረስ አብዛኛው ወደ ደም ሲገባ፣ በባቄላና በምስር ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ግን ሰውነት የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ነው። ያ ወረቀት ባቄላን ከልክሎ ስለታሸገው ሥጋ ምንም አለማለቱ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለ ጨው ያስተማረችንም ቀላል አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ ማለትም ከ2,000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠን እንጂ ለጠቅላላው እሽግ ስላልሆነ ሁለት ዕቃዎች ሲነጻጸሩ መጀመሪያ መጠኑ እኩል መሆኑ መታየት አለበት። እኔ ደግሞ ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ «ጨው ተኪ» የሚል ዕቃ ስጠይቃት፣ አንብባ ወደ ቦታው መለሰችው፤ የተሠራው ከፖታሲየም ክሎራይድ ነበርና። ኩላሊቱ በሚገባ የማይሠራ ሰው ይህን ሐኪሙን ሳያማክር መጠቀሙ ለልብ ምት መዛባት ሊያጋልጠው ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም ነበር፤ ለዚህ አንድ ነገር ብቻ እንኳ ዕድሜዬን ሙሉ ባመሰግናት አይበዛባትም።

አባቴ ዛሬ የሚበሉትን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው የእሽጉን ጀርባ ሳያነቡ ምንም ነገር ወደ ቅርጫቱ አያስገቡም።

እኅታችን ሆይ፣ ታግሠሽ ስላስተማርሽን፣ አባታችንንም እንደ አባትሽ ስላየሽልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች ፈቃዷን አክብሬያለሁ፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ወደ እርሷ ስትሄዱ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ውጤት፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ አዘውትራችሁ የምትጠቀሙባቸውን የታሸጉ ምግቦች ባዶ እሽግ ይዛችሁ ሂዱ።