«ታድሷል» የተባለ ታጣፊ የጀልባ መሪ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቡሎኑን አስፈቱ

እኔ ተሸውጃለሁ፣ እናንተ እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው። ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አለችኝ። የድሮ መሪዋ (ከኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ የሚያስይዛት) ስለተሰበረ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» የተባለ ታጣፊ መሪ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ታጣፊ የምለው የታችኛው ሳንቃ ድንጋይ ወይም አሸዋ ሲነካ ወደ ኋላ ተነስቶ ከመሰበር የሚተርፈውን ዓይነት ነው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። የሚሠራ ከሆነ ነዋ!

ሲያዩት ያምራል። ሰማያዊው ቀለም ፊት ያሳያል፣ ገመዱ አዲስ፣ ብረቱ የተወለወለ። ውስጡን ግን ለቄስ። ሳንቃው የሚዞርበትን ቡሎን ፍታልኝና ቀዳዳውን ልየው ስለው አጅሬ «ልኩን አግኝቼ ነው ያሰርኩት፣ ከተፈታ ይበላሻል» አለኝ። እዚያው ላይ ትቼው መሄድ ነበረብኝ። አንድ ቡሎንና አንድ ዳዶ ስለተፈታ የሚበላሽ መሪ ድሮም ደህና አልነበረም። ቀለሙ አታሎኝ ከፈልኩ።

መጀመሪያ ቀን ስወጣ ነፋሱ መካከለኛ ነበር። የመሪው እጀታ ግን ክንዴን ሊነቅለው ደረሰ። ጥፋቱ የሸራው መስሎኝ ሸራውን ባላላው፣ ባጠብቀው፣ ለውጥ የለም። በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ሳንቃው ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ወደ ኋላ ተንጋሏል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሳንቃው ትንሽ ወደ ኋላ ባጋደለ ቁጥር ውሃው የሚገፋው መሪው ከሚዞርበት መስመር ርቆ ስለሆነ ጫናው በሙሉ እጀታው ላይ ይመጣል፣ እናንተም ጀልባ መንዳት ትታችሁ ትግል ትገጥማላችሁ። ምክንያቱ ሳንቃውን ወደ ታች የሚይዘው ገመድ ናይለን መሆኑ ነው። ናይለን ሲወጠር ይሳባል፣ ሲርስ ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብዙ የማይሳብ ገመድ ነው፤ ደህና ፖሊስተር ወይም ዳይኒማ የሚባለው ጠንካራ ገመድ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ገመዱን በጉልበቴ ስቤ ቋጠሮ ቋጠርኩበት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፣ አልክድም። ግን ሌላ ምርጫም አልነበረኝም፤ ሰውየው የገጠመው ተራ መንጠቆ ብቻ ነው። በደንብ የተሠራ ታጣፊ መሪ ላይ ገመዱን ነክሶ የሚይዝ፣ ሳንቃው በኃይል ሲመታ ደግሞ ራሱ የሚለቅ መቆለፊያ ይኖራል። ያ ከሌለ ወይ ሳንቃው አይወርድም ወይ አይነሳም። የኔው አልተነሳም። ወደ ዳር ስቀርብ አሸዋው ያዘው፣ ቋጠሮው አልለቅ አለ፣ ኃይሉ ሁሉ መሪውን ከጀልባዋ ጋር ወዳያያዙት ብረቶች ሄደና የታችኛውን ብረት ከነቡሎኑ ከጀልባዋ ጀርባ ገነጠለው። መሪ ገዝቼ ጀልባ መጠገን ያዝኩ።

ቤት አምጥቼ ቡሎኑን ፈታሁት። ጉዱ ይሄኔ ወጣ። ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ እንቁላል መስሏል። ዙሪያው ለመኪና ቦዲ በሚሆን ስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ተቀብቷል። ያ ስቱኮ ደግሞ ውሃ ይመጥጣል፣ ውሃ ውስጥ ለሚኖር እንጨት አይሆንም። በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ የጠቆረና የረጠበ እንጨት መጣ። ቡሎኑም ዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ነው፤ ጫፎቹ ያበራሉ፣ መሃሉ በዝገት ተበልቶ ቀጥኗል።

እውነተኛ እድሳት ቀለም አይደለም። ቀለሙ ተፍቆ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ እንጨቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ጊዜ ይወስዳል። ቀዳዳው ከቡሎኑ በጣም ሰፍቶ ይቦረቦራል (ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን 14 ያህል)፣ ማወፈሪያ ዱቄት በተቀላቀለበት ኢፖክሲ (ተደባልቆ የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ይሞላል፣ ከደረቀ በኋላ መሃሉ ላይ በልኩ እንደገና ይበሳል። ያኔ ቡሎኑ የሚነካው ኢፖክሲን እንጂ እንጨትን ስላልሆነ ውሃ መግቢያ አያገኝም። የደረቀውን ኢፖክሲ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተጋችሁ በፊት በውሃ እጠቡት፣ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሊኖር ይችላል። መጨረሻ ላይ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የግድ ነው፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም።

ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። ቡሎኑ ላይ ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ተራ ብረት ነው። ለጨው ውሃ 316 የሚባለውን አይዝጌ ብረት ጠይቁ። ነሐስ የሚመስል ቡሎን ወደ ሮዝ ከዞረ ዚንኩ ወጥቶ አልቋል ማለት ነው፣ አትንኩት። ሳንቃውን በካቻቢቴ እጀታ ከላይ እስከ ታች ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ ድምፁ የሚታፈንበት ቦታ በስብሷል። ከዚያ ሳንቃውን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት፣ በእጃችሁም አንሱትና አውርዱት። ጎን ለጎን መወዛወዝ የለበትም፣ ግን ያለ ትግል መነሳት አለበት። ጀልባዋ ብትገለበጥ መሪው ሾልኮ እንዳይወጣ የሚይዝ ሽቦ መኖሩንም እዩ፣ የኔው አልነበረውም። ከሁሉም በፊት ግን ያቺን ቡሎን አስፈቱ። ሻጩ እምቢ ካለ ትታችሁት ሂዱ።

ሻጩን መልሼ ሳናግረው «የፈታኸው አንተ ነህ፣ ያበላሸኸውም አንተ ነህ» ብሎኝ አረፈው። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ከዕቃው የተረፉኝ ሳንቃውን ግራና ቀኝ የሚያቅፉት ብረቶች ብቻ ናቸው፣ አዲስ ሳንቃ እየሠራሁላቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሰውየው ሌላ «የታደሰ» መሪ ለሽያጭ ሲያወጣ አየሁት፣ ያው ሰማያዊ ቀለም። በሌላ ስልክ «ቡሎኑ ተፈትቶ ቀዳዳው የሚታይበት ፎቶ ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል። መልስ የለም።