የስፔክተር የሥራ እርካታ መጠይቅ፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ምን ይበጃል፣ ምንስ ያመልጠዋል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ስፔክተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ያወጣው ይህ መጠይቅ ከመነሻው የተሰናዳው ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለመንግሥትና ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ነው። ያስታውቅበታልም፤ ስለ ወረቀት ሥራ መብዛትና ስለ ቢሮክራሲ ፊት ለፊት ይጠይቃል።

በውስጡ 36 ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ደመወዝ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የቅርብ አለቃ፣ ጥቅማ ጥቅም፣ ዕውቅና፣ የአሠራር ሁኔታ፣ የሥራ ባልደረቦች፣ የሥራው ዓይነትና የመረጃ ልውውጥ የተባሉት ዘጠኝ ርዕሶች ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ይደርሳቸዋል። መልሱ ከ1 (በጣም አልስማማም) እስከ 6 (በጣም እስማማለሁ) ነው። መሃል ላይ የሚያርፍ ቁጥር ስለሌለ አለቃውን የሚፈራ ሠራተኛ «መካከለኛ» ብሎ ማምለጫ አያገኝም፤ እንደኔ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው። ድምሩ ከ36 እስከ 216 ሲሆን ከ108 በታች ቅሬታ፣ ከ144 በላይ እርካታ፣ በመካከሉ ያለው ደግሞ ያልለየለት ተብሎ ይነበባል።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው ድመራው ላይ ነው። ከ36ቱ 19ኙ አሉታዊ ስለሆኑ ከመደመራቸው በፊት ነጥባቸው ከ7 ላይ ተቀንሶ መገልበጥ አለበት። በ«አሠራር ሁኔታ» ከአራቱ ሦስቱ እንዲህ ናቸው። ሥራና ወረቀት ያንገሸገሸው ሠራተኛ ለሦስቱ 6፣ ለቀናው 1 ቢሰጥ ትክክለኛ ውጤቱ 4 ነው፤ ከዚህ በታች የለም። ሳይገለበጥ ከተደመረ ግን 19 ይወጣና በርዕሱ ከ16 ጀምሮ እርካታ ስለሚባል ሰውየው ደስተኛ ተብሎ ይመዘገባል። የተዘለለ ጥያቄም እንደ ዜሮ አይቆጠርም፤ ሰውየው በዚያው ርዕስ የሰጣቸው የሌሎቹ መልሶች አማካይ ይገባበታል።

ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ለኃላፊ ማቅረብ ከንቱ ነው። ደመወዝ በሕግ በሚወሰንበት መሥሪያ ቤት የዚያ ርዕስ ነጥብ ዝቅ ቢል የመምሪያ ኃላፊው የሚያደርገው ብዙ የለም። የቅርብ አለቃ፣ ዕውቅናና የመረጃ ልውውጥ ግን ያለ ተጨማሪ በጀት ሊሻሻሉ ይችላሉ።

ዋናው ጉድለቱ ሥነ ምግባር ነው። ጉቦን፣ ዘመድ መቅጠርን፣ ከመመሪያ ውጭ መታዘዝን የሚመለከት አንድም ጥያቄ የለውም። በብልሹ አሠራር የሚጠቀም ሰው በሁሉም ርዕስ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በሌላ ገጽ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር መጨመር ያሻል፣ ድምሩ ሳይቀላቀል። «አንተ ሐቀኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም፤ ማን አይደለሁም ይላል? ተመራማሪዎቹ ቪክተርና ከለን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ያወጡት የሥነ ምግባር ድባብ መጠይቅ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚደረገውን ነው የሚጠይቀው፤ መንገዱም ያ ነው። የሚጨመረው ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እዚህ ጥፋት የጠቆመ ሰው ከቦታው ይነሳል።»

ስም አለመጻፍ ብቻውን ሚስጥር አይጠብቅም። ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ዕድሜ፣ ፆታና የአገልግሎት ዘመን ከተጠየቀ መላሹ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ከአሥር ሰው በታች የሆነ ክፍል ከሌላ ጋር ተጠቃሎ ሪፖርት ይደረግ፤ ወረቀቱንም የቅርብ አለቃ አይሰብስበው።

ለጥናትና ለትምህርት በነፃ መጠቀም ይቻላል፤ ውጤቱን ለባለቤቱ ማካፈል ግን ግዴታ ነው። መጠይቁን ለገቢ የሚሠራበት አማካሪ ድርጅት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።