ለልብስ ሰፊ የምትሆን ሬዲዮ

ቴሌቪዥን ለልብስ ሰፊ አይሆንም። ዓይን ከመርፌው ላይ ከተነሳ ጣት ይወጋል። ጆሮ ግን ቀኑን ሙሉ ስራ ፈት ነው። ባህር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ ቀጥሎ የማከብራት ዕቃ ሬዲዮኔ የሆነችው ለዚህ ነው። የገዛኋት በ2009 ነው፣ በ480 ብር። ስለዚህ ከካርቶን በወጣች ማግስት የተጻፈ ምስጋና እንዳይመስላችሁ።

መልኳ አያኮራም። ቻይና ሰራሽ ናት፣ ጥቁር፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል። ኤፍኤም፣ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ትይዛለች። ቁጥር የሚያሳይ ነገር የላትም፤ ጣቢያ የሚፈለገው ጥርስ ያላትን ክብ ነገር በአውራ ጣት እያሽከረከሩ ነው። ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ትጎርሳለች። ቀኑን ሙሉ ከፍቻት አንድ ሳምንት ገደማ ትቆየኛለች። በመብራት የምትሰራበት ቀዳዳም አላት፣ ግን እርሱት። ሶኬት ላይ ስትሰካ እንደ ተርብ ነው የምትጮኸው።

ኤፍኤሟ ላይ ቅሬታ የለኝም። ባህር ዳር ኤፍኤም 96.9ን ከሱቁ ጥግ ሆና ጥርት አድርጋ ታመጣለች። ፈተናው አጭር ሞገዱ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ዶይቼ ቬለ፣ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ነበር። አንዳንድ ቀን አጠገብሽ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስላሉ፣ አንዳንድ ቀን ወፍጮ ቤት የገባሽ ይመስልሻል። ክረምት ላይ ደግሞ ጣና ላይ መብረቅ ሲወርድ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። ነጎድጓዱ ሳይሰማኝ እሷ «ጠሽሽ» ትላለች። ልብስ ከገመድ ላይ አንሺ ማለቷ ነው። እስካሁን ዋሽታኝ አታውቅም።

ሲሸጡልኝ ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ከስፌት መኪናዬ ሞተር ጋር አይዋደዱም። ሞተሩ ሲዞር አጭርና መካከለኛ ሞገዱ ይንጫጫል። ዜና በደንብ መስማት ሲያምረኝ የእናቴን የእግር መኪና ነው የምረግጠው። ቀሚሱ ይዘገያል፣ ዜናው ግን ይደርሳል።

ይህን ጠባይዋን በደንብ ያወቅኩት የካቲት 8 ቀን 2010 ነው። ሐሙስ ነበር፣ ሁዳዴ ከገባ አራተኛው ቀን። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደንበኛ አሉኝ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሱሪያቸውን ሊያሳጥሩ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሞተሩ እሰፋለሁ። ከሰዓት ነው። በጩኸቱ መሃል «ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል ነገር ሾለከ። ጋሼ ብድግ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽን አንሺ!»

አነሳሁ። መኪናው ዝም ሲል ዜናው ተሰማ። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነትም ከኢህአዴግ ሊቀመንበርነትም ለመልቀቅ ጠይቀዋል። የመፍትሄው አካል ለመሆን ነው ተባለ። ከጎን ያለው ጨርቅ ነጋዴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። «የቱ ጣቢያ ነው ያለው?» አለ። ያኔ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነበር። ዜናው ምን እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደተናገረው።

ለምን ለቀቁ ለሚለው እኛ ሬዲዮ መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር። ሬዲዮዋን የገዛሁትም በዚያው ምክንያት ነውና። ኦሮሚያ ውስጥ ከህዳር 2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞ ነበር። ፕላኑ ጥር ላይ ተሰረዘ፣ ተቃውሞው ግን አልቆመም። ሐምሌ ላይ ጎንደር በወልቃይት ጉዳይ ሰልፍ ወጣች። ነሐሴ 1 ደግሞ የእኛ ተራ ሆነ። ያን ቀን ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ከጥቅል ጨርቅ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ስንት ልጅ እንደሞተ በራሴ ከተማ ሆኜ ለማወቅ ያገር ርቀት አቋርጦ የሚመጣ ድምፅ መጠበቅ ነበረብኝ። ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ስንዞር ከረምን። መስከረም 2009 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። አስር ወር ቆየ። እኔም 480 ብሬን ቆጥሬ ሱቅ ሄድኩ።

ጋሼ ግን የሰልፉ ብቻ አይደለም ባይ ናቸው። ቁልፍ እየተከልኩ የነገሩኝ ይህ ነው። አቶ ኃይለማርያም በመስከረም 2005፣ ከአቶ መለስ ሞት በኋላ ወንበሩን አገኙ። የደቡቡ ደኢህዴን ሰው ናቸው። የግንባሩ ድርጅቶች አራት ነበሩ። ከአራቱ የኦሮሞው ኦህዴድና የአማራው ብአዴን ተያይዘው ፊታቸውን ካዞሩ፣ ሊቀመንበሩ ማንን ይዘው ይቀመጣሉ?

«ፊታቸውን ያዞሩት ደግሞ እዚሁ ነው» አሉ፣ በጣታቸው ወደ ሐይቁ እያሳዩ።

እውነታቸውን ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የኦሮሞ ወጣቶች ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እንቦጭን ሊነቅሉ ጣና ድረስ መጥተው ነበር። «ጣና ኬኛ» እያሉ፣ ጣና የኛ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ልዑካናቸውን ይዘው መጡ። «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» ያሉት ባህር ዳር ላይ ነው። ያን ሰሞን ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ይህችን ቃል ሳይደግማት አይወጣም ነበር። እኔ እንኳ ክር ሲበጠስብኝ «ስፌት ሱስ ነው» እል ነበር። እንቦጩ ግን አልሄደም።

የመልቀቂያው ዜና የተሰማ ዕለት ማታ ሬዲዮዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። እዚያ የመብራት ገመድ የለም፣ ጥርት ትላለች። አንድ ተንታኝ በታሪካችን በፈቃዱ የለቀቀ መሪ የመጀመሪያው ነው ሲል ሰማሁ። ማግስቱን ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁ።

«ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉስ?»

የካቲት 1966 ማለታቸው ነው። እሳቸው አዲስ መምህር ነበሩ፣ አድማ መትተዋል። ታክሲ ነጂው በቤንዚን ዋጋ፣ ወታደሩ በደመወዝ፣ ወሎ በረሃብ። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ከነካቢኔያቸው ለቀቁ። ከዚያ ህዳር 14 ቀን 1967 ከስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር በደርግ ተረሸኑ። «የኛ ሰው ለቆ ቤቱ መግባቱን እናያለን» አሉኝ። ገቡ፣ እሰየው። መጋቢት 24 ለዶክተር ዐቢይ አስረክበው ቤታቸው ገቡ።

የመልቀቂያው ዜና በተሰማ ማግስት ደግሞ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ፓርላማው ሲያጸድቀው መጀመሪያ የደገፉት 346 ናቸው ተባለ፣ በኋላ 395 ሆነ። እኔ ሬዲዮዋ ቁጥር የሳተች መስሎኝ አንቴናዋን ሳዟዙር ነበር። በዚህ ጉዳይ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አንቴናዋ በሶስተኛው ዓመት ተሰበረ፣ በሽቦ አስረዘምኩት፣ እንዲያውም ተሻለ። ድምፅ መጨመሪያዋ አቧራ ሲገባበት ይንኳኳል። ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት ይተዋል። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ስልክ ላይ ሁሉን ለለመደ ሰው አትሆንም፣ ትዕግስት ትፈልጋለች። ዳታ በጠፋ ቁጥር እጁ ባዶ ለሚቀር ሰው ግን ግዙ እላለሁ። ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት ለሶኬቱ ነው።

የድምፅ ማውጫዋ ላይ የነበረው ወንፊት ተቀዶ አሁን ግራጫ ጨርቅ ለብሷል። ከጋሼ ሱሪ እግር ያሳጠርኩት ቁራጭ ነው። ያን ቀን ዜናውን ሰምተው ሱሪያቸውን ረስተው ሄዱ። በሳምንቱ ሱሪውን ሊወስዱ ሲመጡ ቁራጩን አዩትና «ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?» አሉ።