ለደብረ ብርሃን ቆሻሻ የቱ ይሻላል? ማቃጠያ፣ ባዮጋዝ፣ ብስባሽ ወይስ ቆራሌው?

ደብረ ብርሃን እያደገች ነው። ፋብሪካ መጣ፣ ሰው መጣ፣ ፌስታሉም አብሮ መጣ። «እንደ አዲስ አበባ እኛም በቆሻሻ መብራት እናመንጭ» የሚል ቢነሳ አይገርምም። ግን ብር ከመውጣቱ በፊት አማራጮቹን ጎን ለጎን እንያቸው።

መጀመሪያ ማቃጠያው። አዲስ አበባ፣ ቆሼ ከሚባለው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያለው የረጲ ጣቢያ የተመረቀው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። በቀን 1,400 ቶን ያህል አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠራ፤ ወጪውም ከ100 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። የዓለም ባንክ ለከተሞች ያወጣው መመሪያ ደግሞ በዓመት ቢያንስ 50,000 ቶን ከሌላችሁ አትግቡበት ይላል። በቀን 137 ቶን መሆኑ ነው። አንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ይጥላል ብንል የ340,000 ሰው ቆሻሻ ያስፈልጋል፣ ያውም ከየቤቱ አንድም ሳይቀር ከተሰበሰበ።

ከመጠኑም የሚብሰው ግን የቆሻሻው ዓይነት ነው። እስኪ አንድ ጆንያ ዘርግፋችሁ እዩት፦ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ አፈር፣ ከሁሉም በላይ የኩበት አመድ። ልጣጩ ውሃ ነው። አመዱ አንዴ ነዷል፣ ዳግም አይነድም። ያው መመሪያ ቆሻሻው በኪሎ በአማካይ 7 ሜጋ ጁል ሙቀት ይስጥ ይላል። የኛው እዚያ መድረሱን እጠራጠራለሁ፣ በክረምትማ ጭራሽ። በራሱ ካልነደደ ነዳጅ እየጨመሩ ማቃጠል ሊመጣ ነው፤ መብራት ለማምረት ነዳጅ መግዛት ምን ይሉታል?

ባዮጋዝ፣ ማለትም ባክቴሪያ አየር በሌለበት ጉድጓድ ቆሻሻውን እያብላላ ጋዝ የሚያወጣበት ዘዴ፣ እርጥቡን ይወዳል። ጋዙ ለማብሰያ፣ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል። የኛ ጣጣ ብርዱ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚስማማቸው 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከ15 በታች ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ ሆነን የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እናውቀዋለን። ለከተማው ሁሉ አልመርጠውም። ቄራ፣ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ወይም ማረሚያ ቤት ግን ጉድጓዱን መሬት ውስጥ ቀብሮ ቢሠራበት ያዋጣዋል።

የኔ ምርጫ ብስባሽ ነው። ምክንያቱም እዚህ አገር እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ በዙሪያችን ያለው የባሶና ወራና ወረዳ የገብስና የባቄላ ማሳ ግን ወደ አፈሩ የሚመለስለት ትንሽ ነው። የከተማው ልጣጭ ያንን ይክሳል። ብርዱም ያን ያህል አያሰጋም፤ ክምሩ ቢያንስ በሁሉም ጎኑ አንድ ሜትር ከሆነ፣ እርጥበቱ ከተጠበቀና በየጊዜው ከተገላበጠ ከውስጥ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል፤ ይህ ሙቀት ለተወሰኑ ቀናት ከቆየ የአረም ዘሩንም ጀርሙንም ይገድላል። አመድ ግን በቁንጥር፣ ሲበዛ ያበላሸዋል። ጠርሙስና ባትሪ ከገባበት ደግሞ ገበሬው ሁለተኛ አይወስድላችሁም። ስለዚህ የግድ ከቤት መለየት አለበት፤ እርጥቡ ለብቻ፣ ደረቁ ለብቻ።

ደረቁን ቆራሌው ድሮውንም ይሠራበታል። ብረቱን፣ ካርቶኑን፣ ሃይላንዱን ይለቅማል። የጎደለው መጭመቂያ ማሽን ነው። ያልተጨመቀ ሃይላንድ ጭኖ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አየር መጫን ነው፣ ትርፉን ትራንስፖርት ይበላዋል። ስስ ፌስታል ግን ገዢ የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱ ወደ ማስወገጃው ይሂድ።

በጀት ያለው ማኅበር ወይም አስተዳደር ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርገው እላለሁ፦ መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ ጋሪ፣ ቀጥሎ የብስባሽ ዳስ፣ ከዚያ መጭመቂያው። ማቃጠያ ልሽጥላችሁ የሚል ከመጣ የክረምቱን ቆሻሻ በጆንያ ስጡትና ስንት ሜጋ ጁል እንዳለው አስለክቶ ውጤቱን ይዞ ይምጣ።