ስልኬን ሳይፈታ ያዳነልኝ የቱሉ ዲምቱ ጠጋኝ

ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ከአደባባዩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ «ሞባይል ጥገና» ከሚል ጽሑፍ በቀር ስም ያልተጻፈበት ሰማያዊ ኮንቴይነር ሱቅ አለ። ስልኬ ዋይፋይ አላይ አለ ብላችሁ የምትጨነቁ፣ ወደ መሃል ከተማ ከመውረዳችሁ በፊት እዚህ ሱቅ ጎራ እንድትሉ እመክራለሁ። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው፣ በዚህ ጉዳይ ያለ አግባብ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው በየሰፈሩ ስለማይ ነው።

የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ሥራዬ ከሞላ ጎደል በስልክ ይመጣል። ደንበኞቼ የሚፈልጉትን ጥለት በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ እኔም የተቆረጠውን፣ የተጠለፈውን፣ የተሰፋውን ፎቶ እያነሳሁ አሳያቸዋለሁ። የወገቡ፣ የደረቱ፣ የእጅጌው ልኬት ሁሉ በፎቶ ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል። ስልኩን የላከችልኝ አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ናት። ካሜራው ቀለም አያዛባም፤ ወይን ጠጁን ከቀዩ፣ ክሬሙን ከነጩ ለይቶ ያሳያል። የሐበሻ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት በአንድ ክር ቀለም ምክንያት ልብሱን ልትመልስ እንደምትችል ለሚያውቅ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የጀመረው መብራት ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት ማግስት ነው። ስልኬ የቤታችንን ዋይፋይ ስም ከዝርዝሩ አጣው። የጎረቤቶቻችንን ግን ያያል፤ ከላይ ያሉትን፣ ከታች ያሉትን፣ ከማዶ ሕንፃ ያለውን ሳይቀር ደርድሮ ያሳየኛል። የእኛ ብቻ የለም። የልጆቼ ስልኮች ደግሞ የእኛን ያለ ችግር ያገኙታል። ራውተሩ ላይ አስደግፌ ባስቀምጠውም ለውጥ የለውም። አጥፍቼ አበራሁት፣ የበረራ ሁኔታውን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ልጄም የኔትወርክ ቅንብሩን ወደ መጀመሪያው መለሰልኝ፤ ምንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ስሙ ራሱ ተመልሶ መጣ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ በሚቀጥለው የመብራት መጥፋት እንደገና ተሰወረ። ጊዜው የፋሲካ ሥራ የሚበዛበት ነበር። ለቤቱ ኢንተርኔት በየወሩ እየከፈልን፣ እኔ ፎቶ ለመላክ የሞባይል ዳታ ጥቅል መግዛት ያዝኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የጥገና ሱቅ ነው። ስሙን አልጠቅስም። የመስታወት መደርደሪያው ያምራል፣ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰዋል። የተቀበለኝ ወጣት ስልኩን አገላብጦ አየና «የዋይፋይ አይሲው (በስልኩ ቦርድ ላይ ሆና ዋይፋዩን የምታሠራው ትንሽ ቺፕ) ሄዷል፤ 6,500 ብር ነው፤ ስልኩ ፎርማት ስለሚደረግ ሲም ካርድዎን አውጥተው ይተዉልን» አለኝ። ይህን ሲለኝ ስልኬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሕንፃውን ዋይፋዮች በሙሉ ዘርዝሮ እያሳየ ነበር። «ዓይኑ የጠፋ ከሆነ እነዚህን በምን አያቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እየደከመ ስለሆነ ነው» አለኝ። ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ስልክ ይሠራ እንደሆነ፣ ስልኩ ከየት እንደተገዛ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። ስልኬን ይዤ ወጣሁ። የሰው ልኬትና የሰው አደራ ያለበትን ስልክ፣ መልስ ለሌለው ሰው ሰጥቼ ፎርማት አላስደርግም።

የቱሉ ዲምቱው ሱቅ ከዚያ ጋር ሲተያይ ለዓይን የሚሞላ አይደለም። አንድ ሰው ቆሞ ሌላው የማይገባበት ጠባብ ቦታ ነው። ጠረጴዛው ላይ መብራት ያለው ማጉያ መነጽር፣ ቀጫጭን ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ የጥርስ ብሩሽና የአልኮል ጠርሙስ አለ። የተፈቱ ብሎኖችን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ለየብቻ ያስቀምጣል፤ የየትኛው ስልክ እንደሆነም በወረቀት ጽፎ ከሥሩ ያደርጋል። ልጁ በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ ይመስለኛል። ስልኩን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። «እናቴ፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ» አለ።

ነገርኩት። የጎረቤት ያያል፣ የእኛን አያይም ስለው ፊቱ ተለወጠ። «የልጆችዎ ስልክስ?» አለኝ። ያያል አልኩት። «መቼ ጠፋ? መቼ መጣ?» ሲለኝ የመብራቱን ነገር አነሳሁ። ያን ጊዜ ነው ስልኩን የተቀበለኝ። የራሱን ስልክ ሆትስፖት ከፈተና የእኔ ስልክ ያገኘው እንደሆነ አየ፤ ወዲያው አገኘው፤ ገብቶበትም አንድ ገጽ ከፈተ። «አንቴናውም አይሲውም ደህና ነው። ይህን ስልክ መፍታት ኃጢአት ነው» አለና «ከአሜሪካ የመጣ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ከዚያ በኋላ የነገረኝን የካርቶን ክዳን ላይ እየሳለ ነው ያስረዳኝ፤ እኔም ለሌላው ይጠቅማል ብዬ የገባኝን ያህል እጽፈዋለሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ዋይፋይ በተለያዩ ቻናሎች ይተላለፋል። ቻናል 1 በ2412 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በአምስት በአምስት እየጨመረ ቻናል 11 በ2462፣ ቻናል 13 በ2472 ላይ ይውላል። በብዙ አገሮች እስከ 13 ድረስ መጠቀም የተለመደ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ11 አያልፉም፤ የአገሩ ደንብ በላይኞቹ ቻናሎች ላይ ጥብቅ ስለሆነ ነው። አንዳንዱ ስልክ ሌላ አገር ሲገባ ራሱን ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም። ራውተር ደግሞ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ጭር ያለውን ቻናል ፈልጎ ይይዛል። እንደ እኛ ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በየቤቱ ራውተር አለ፤ የታችኞቹ ቻናሎች ተጨናንቀዋል። ስለዚህ መብራት ተመልሶ ራውተሩ ሲነሣ አንዳንዴ 12ን ወይም 13ን ይመርጣል። ያን ጊዜ የእኔ ስልክ ያንን ቻናል ስለማያዳምጥ፣ ራውተሩ አጠገብ ብቀመጥም ስሙ አይመጣልኝም። ሌላ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ 6ን ወይም 11ን ይመርጣል፤ ስሙም ተመልሶ ይመጣል። የመብራቱ መሄድና መምጣት ከስልኬ ጋር ምን አገናኘው ስል የኖርኩት ነገር በአንድ ካርቶን ክዳን ላይ ተፈታልኝ።

«ወንድ ልጅዎ ኮምፒውተር ይነካካል?» አለኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው አልኩት። «እንግዲያው ለእኔ የሚከፍሉት የለም» ብሎ የሚደረገውን ጽፎ ሰጠኝ። ማታ ልጄ ራውተሩን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ፤ 192.168.1.1 የሚለውን ቁጥር በራሱ ስልክ ማሰሻ ላይ ጻፈና እዚያው ወረቀት ላይ ባለው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ገባ። (የራውተሩ አድራሻ እንደየሥሪቱ ሊለያይ ይችላል፤ ከጀርባው ያለውን ማየት ነው።) የዋይፋዩን ገጽ ሲከፍት ቻናሉ በራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ፣ በዚያ ሰዓት የያዘው 13 ነበር። ልጄ «እማዬ፣ 13 ነው! 13 ነው!» ብሎ ሲጮህ ያልተረዱት እህቶቹ ምን ተገኘ ብለው መጡ። ጠጋኙ እንዳዘዘው ወደ 6 ለወጠውና አስቀመጠው። ራውተሩ ለአፍታ ጠፍቶ ተነሣ፤ የቤታችን ስም በስልኬ ዝርዝር ላይ ከሁሉም በላይ ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፤ ስሙ ግን አልጠፋም። 6ን ያዘዘበትን ምክንያትም በጽሑፉ ላይ አስፍሮታል፦ 1፣ 6 እና 11 እርስ በርስ የማይደራረቡ ስለሆኑ ከሦስቱ ጎረቤት ያላጨናነቀውን መያዝ ይሻላል።

ከፋሲካ በኋላ የሴት ልጄን ስልክ የቻርጀር መሰኪያ ለማስጠገን ተመልሼ ሄድኩ። 450 ብር አስከፈለኝ፣ እየጠበቅኩትም ጨረሰ። ያን ዕለት ነው የጠጋኙን ሙያ በደንብ ያየሁት። ከእኔ በፊት የመጣ ወጣት የዋይፋይ ማብሪያው ግራጫ ሆኖ አልነካ ብሎታል። ጠጋኙ ስለ ስልኩ መረጃ የሚሰጠውን ገጽ ከፍቶ የዋይፋይ አድራሻ የሚለውን መስመር አሳየው። በደህና ስልክ ላይ በዚህ ቦታ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተደረደሩ ቁጥሮችና ፊደሎች አሉ፤ በዚህኛው ላይ አይገኝም የሚል ብቻ ነበር። «ስልኩ የዋይፋይ አይሲውን ጨርሶ አላገኘውም ማለት ነው። ይህ የቦርድ ሥራ ነው፤ እኔ አልሠራውም» አለና፣ ሥራው በሙቀት የሚነሣና የሚመለስ ስለሆነ ሌላ ነገር ሊያበላሽ እንደሚችል፣ ከስልኩ ዋጋ ጋር አመዛዝኖ እንዲወስን መከረው። ገንዘብ አልተቀበለውም። ያ የመሃል ከተማው ሱቅ ለእኔ የፈረደልኝ በሽታ፣ በእውነት ሲኖር ምልክቱ ይህ እንደሆነ እዚያ ቆሜ ተማርኩ።

ሌላዋ ሴት የመጣችው ከራውተሩ አንድ ክፍል ስትርቅ ዋይፋዩ እየጠፋባት ነው። ሌላ ቦታ የስልኩን የጀርባ መስታወት አስቀይራ ነበር። ልጁ ጀርባውን አሙቆ ከፈተና በማጉያው አየ፤ እኔንም «እናቴ፣ ይዩት» ብሎ አስጠጋኝ። አንቴናውን ከቦርዱ የምታገናኝ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ወርቃማ ስፕሪንግ ተጋድማለች። በወረንጦ ቀስ አድርጎ አቀናት፣ በአልኮል ጠረገና ክዳኑን ከመለጠፉ በፊት መንገዱን ተሻግራ እንድትሞክረው ላካት። መርፌ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ ባለሙያ ሳይ አውቃለሁ።

ጎረቤቴም በእኔ ምክር ሄዳ ነበር። የእሷ አጭር ነው፦ አሮጌ ስልኳ የሚያየው 2.4ን ብቻ ሲሆን፣ ባለቤቷ በራውተሩ ላይ 5 ጊጋኸርዙን ብቻ ከፍቶ ኖሯል። ሁለቱንም ክፈቱ ብሎ መለሳት።

ሱቁ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። መቀመጫ የለም፤ ዝናብ ሲመጣ የሚጠብቅ ሰው ጎረቤት ሱቅ መጠለል አለበት። መብራት ሲጠፋ የብየዳ ሥራ ይቆማል፤ ጀኔሬተር የለውም። የሚሸጣቸው የስክሪን መከላከያዎች ቶሎ ከጥጋቸው ይነሣሉ፤ የእኔ በሳምንቱ ተነሥቷል። ከሁሉ የከፋው ደረሰኝ አለመስጠቱ ነው። ስልክ አሳድሮ ሲቀበል ስምና ስልክ ቁጥር በደብተሩ ይመዘግባል፤ ባለቤቱ እጅ ላይ ግን ምንም ወረቀት አይቀርም። ሰው ኑሮው ያለበትን ዕቃ ትቶ ሲሄድ በእጁ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ይህን ለራሱም ነግሬዋለሁ፤ አስተካክለዋለሁ ብሎኛል።

እሑድ ዝግ ነው። በሌሎቹ ቀናት ጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ስትሄዱ ቤት ውስጥ ዋይፋዩን የሚያየውን ሌላ ስልክ አብራችሁ ያዙ፤ የራውተሩን ጀርባ ጽሑፍም ፎቶ አንሡት። ስልኩ የት አገር እንደተገዛና ዋይፋዩ መቼ እንደጠፋ ይጠይቃችኋልና አስባችሁ ሂዱ።