ፋይበር፣ የሲም ራውተር ወይስ ገመድ? ላግ ለሰለቸው የጎጃም ተጫዋች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደብረ ማርቆስ፣ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም እየተጫወትኩ ነበር። አምስት ሰው ቀርቷል። አንዱን አየሁት፣ ተኮስኩ። ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ ላግ የሚባለው ይሄ ነው። ፒንጉ ከ120 ተነስቶ 600 ገባ። ኔቱ ሲመለስ እኔ ሞቻለሁ። ከቡሬ አብሮኝ የሚጫወተው ጓደኛዬ «ፓኬጅህን አሳድግ ባክህ» አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ጌም ብዙ ዳታ አይበላም። የሚፈልገው መልእክቱ ቶሎ ሄዶ ቶሎ እንዲመለስ ነው። ፒንግ የሚባለውም ይህ የደርሶ መልስ ጊዜ ነው፤ የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው። 130 ላይ ረግቶ የቆመ ፒንግ ይለመዳል። የሚያናድደው አንዴ 90፣ አንዴ 400 የሚለው ነው።

ስለዚህ ኪስህን ከመንካትህ በፊት ለካ። በኮምፒውተር ሁለት የትእዛዝ መስኮት (Command Prompt) ክፈትና በአንዱ ራውተርህን ፒንግ አድርግ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በሌላው 8.8.8.8ን፤ ይህ ከቤትህ ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ለስልክም ይህን የሚሠሩ ነፃ አፖች አሉ። ራውተሩ በጥቂት ሚሊሰከንድ መመለስ አለበት። እሱ ራሱ 200 ካለ ጥፋቱ እዚያው ግቢህ ውስጥ ነው። ራውተሩ ረግቶ ሁለተኛው ብቻ ከዘለለ ግን ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ሆነ። ራውተሩ ያለው አከራዬ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። መሀላችን ሁለት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ በር አለ።

ችግሩ እንደእኔ ቤት ውስጥ ከሆነ ሱቅ ስትሄድ ሁለት ነገር ያሳዩሃል፤ የዋይፋይ ማራዘሚያና ገመድ። ማራዘሚያው ለፌስቡክና ለዩቲዩብ ደህና ነው። ለጌም ግን አልመክርም፤ ተቀብሎ መልሶ ስለሚልክ በመሀል መዘግየት ይጨምራል። ገመድ ይሻላል። ካት 5ኢ የሚባለው እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋቢት ይሸከማል። ስትገዛ «ንጹህ መዳብ ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ይሸጣል። በስልክ የምትጫወት ከሆነ ከታይፕ ሲ ወደ ኔትወርክ ገመድ የሚቀይር አዳፕተር አለ። ሁሉም ስልክ አይቀበለውም፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክተህ ሞክረው።

ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ የራውተሩን 5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ተጠቀም። ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳም ይከብደዋል፤ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ከሚጨናነቅበት 2.4 ይሻላል። የብሉቱዝ ማዳመጫም የሚሠራው እዚያው 2.4 ላይ ነው።

መስመሩ ላይ ከሆነስ? ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያደርስ መስመር) ሰፈርህ ከደረሰ አታመንታ፣ አስገባ። በመዳብ የስልክ መስመር ከሚመጣው ይረጋል፤ ከሲም ራውተር ጋርማ አይወዳደርም። የሲም ራውተር ታወሩን ከከተማው ሕዝብ ጋር ይጋራል። ጠዋት ፈረስ ነው፣ ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ፋይበር ካልደረሰ ግን ሌላ ምን አማራጭ አለ? ራውተሩን ከመግዛትህ በፊት ማታ 2 ሰዓት ላይ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም (ሁለቱም ባሉበት ከተማ) ከጓደኛ ተውሰህ ቤትህ ውስጥ ለካ። የረጋውን ውሰድ። ራውተሩን ከቆርቆሮ አርቀህ መስኮት ላይ አስቀምጥ። በስልክ ሆትስፖት የምትጫወት ከሆነ በዋይፋይ ፋንታ በዩኤስቢ ገመድ አገናኘው፤ ምንም ወጪ የለውም።

አንድ ሌላ ጉድ አለ። ፒንጉ የሚዘለው አንድ ሰው በቴሌግራም ቪዲዮ ሲልክ ብቻ ከሆነ የሚላከው ዳታ መስመሩን ሞልቶት የአንተ ጥይት ወረፋ እየጠበቀች ነው። ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ገደብ የሚያስቀምጥ ራውተር ይህን ይፈታል።

የትኛውም ዕቃ የማይፈታው ርቀትን ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ጌሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ እዚያ በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ይበላል፤ ያውም ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢሄድ። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም፣ መጀመሪያ የጎረቤት አገር እንሻገራለን። «ፒንግህን 20 አደርገዋለሁ» የሚል አፕ ካየህ ገንዘብህን አትስጠው። ጌሙ ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ እያንዳንዱን ሞክረህ ዝቅተኛውን ያዝ።

እኔ የገዛሁት ገመድ ነው፣ 20 ሜትር። በመስኮት ሳሳልፈው አከራዬ ብቅ አሉና ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ልብስ ማስጫ ነው?»