ከቅጹ በፊት ምስር ለቀማ፦ በደብረ ማርቆስ ስላገኘነው የማኅበራዊ ሥራ አገልግሎት

ባለፈው ጥር ወር ከአንዲት አረጋዊት ጎረቤቴና ከ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ለ3 ሳምንታት ተመላልሻለሁ። ልጅቱ ሊድሯት መሆኑን ሰምታ ከገጠር ወደ አያቷ የሸሸች ናት። አገልግሎቱን የምመዝነው በተለይ ባለሙያዎቹ ሥራውን ከማን እንደሚማሩት ካየሁት በመነሣት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዲግሪዋን በቅርቡ የያዘች ወጣት ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ፣ ደጃፍ ላይ እንደ ቆመች ቅጽ አውጥታ፣ ጎረቤት እየሰማ ዕድሜዋንና ሊያገባት የነበረውን ሰው ማንነት ስትጠይቃት፣ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል ሳትመልስ ቀረች። ጥያቄዎቹ ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ቦታውና ሰዓቱ ነው ያልሆነው። ከ3 ቀን በኋላ ግን ወጣቷ ነባር ባልደረባዋን ይዛ ተመለሰች። ነባሯ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ አረጋዊቷ ከሚለቅሙት ምስር እፍኝ ወስደው አብረው እየለቀሙ፣ «እማማ፣ አገር ቤት የጤፉ ውቂያ አለቀ ወይ?» ብለው ጀመሩ። ስለ አዝመራውና ስለ ዘመድ ሲወራ ከቆየ በኋላ፣ ድግሱ በዝክር ስም የተጠራ ሠርግ መሆኑን ልጅቱ ራሷ ተናገረች። ወጣቷ በቀጣዩ ጉብኝት ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ተቀመጠች (ምስር አለቃቀሟ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል)።

እስከ አስፋልቱ ስሸኛቸው ነባሯ ለወጣቷ ያስረዷት ነገር ከማንኛውም ሥልጠና የሚተናነስ አልመሰለኝም። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት መጠየቁን ወጣቷ ታውቃለች፤ ወደ አባትየው ከመሄድ በፊት የቤተሰቡን የነፍስ አባት ማነጋገር እንደሚቀድም፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርግ ስለሚበዛም ጥር ላይ ፈቃድ መውጣት እንደማይገባ ግን ያን ዕለት ሰማች። ነባሯ ሥራውን የለመዱት ያለ ዲግሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ትምህርቱ የተመለሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ በመሆኑ፣ በመካከሉ የገባ ሠራተኛ ከባልደረባውና ከባለጉዳዩ ከመማር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሣል። በቢሮው ቡና ሲፈላ ስለ ከባድ ጉዳዮች መመካከራቸው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ወረፋ ይዤ በተቀመጥኩበት የልጅቱ ስም ከነቀበሌዋ ሲጠራ ሰማሁ። በእኛ ከተማ «የእገሌ ልጅ» ከተባለ አበቃ። ወጣቷ ከነባሮቹ ይህንንም ጭምር እየተማረች ነው፤ የሚያርማቸው ኃላፊ ሲገባም ሲወጣም አላየሁም። ከዚህም በላይ ነባሯ የሚያውቁት ሁሉ በእርሳቸው ጭንቅላት እንጂ በመዝገብ የሰፈረ አይደለም፤ ለአንድ ሳምንት ሲቀሩ የተተካው ሠራተኛ ልጅቱን «ስምሽ ማነው?» ብሎ እንደ አዲስ አስጀመራት፤ ታሪኳንም እንደገና ተናገረች።

አባትየው ከነፍስ አባታቸው ጋር መጥተው ሠርጉን ትተዋል፤ ልጅቱም ትምህርት ጀምራለች። ከ5ቱ ነጥብ 3ቱን እሰጣለሁ። ወደዚያ የሚሄድ ባለጉዳይ ነባሯ ያሉበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቡናው ከሚፈላበት ክፍል ውጭ እንዲያነጋግሩትም ያሳስብ።